አራት ተመራቂዎችና አንድ የባቡር ካርታ

ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ባለ 50 ሉክ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ። ከፊት በኩል የማህፀንና ጽንስ ማስታወሻዬ ነው፤ ገልበጥ አድርጋችሁ ከኋላ ብትጀምሩት ግን አውሮፓ ነው። በ1997 ዓ.ም.፣ ጥቁር አንበሳ ኢንተርን ሆነን በምንሠራበት ዓመት፣ አራት ልጆች በዲውቲ ክፍል ተቀምጠን የጻፍነው የጉዞ ዕቅድ ነው፦ ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ ብራስልስ፣ ፓሪስ፣ ፓዶቫ፣ ሮም። በጠቅላላው 18 ቀን። ከአውሮፕላንና ከባቡር ትኬት ውጭ ለአንድ ሰው በቀን 35 ዩሮ። ያኔ አንድ ዩሮ ወደ 11 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ባለ ሦስት አኃዝ ሆኗልና ይህን ለሬዚደንቶች ስነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል።

ለመገናኛ መጽሔታችን አንድ ነገር ጻፊ ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይህ ደብተር ነው። ትዝታ ብቻ ከሆነ ግን ሁላችንም የየራሳችን አለን። እኔን እያደር የገረመኝ ሌላ ነው። "ተመርቀን፣ ሥራ ሳንጀምር፣ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ከተማ እንይ" የሚለውን ሐሳብ እኛ የፈጠርነው ይመስለን ነበር። ኋላ ሳነብ ሐሳቡ ከነትኬቱ፣ ከነመኝታው፣ ከነዕድሜ ገደቡ ሌሎች በየዘመኑ የሠሩት ነገር ሆኖ አገኘሁት። የተሠራውም ለማን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፓዶቫን ዕቅዱ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሦስቱም ተቃውመውኝ ነበር፤ "ቬኒስ አጠገቧ እያለች ምን ልናይ?" አሉኝ። የእኔ ምክንያት አናቶሚ ነበር። በ1222 የተመሠረተው የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ በ1595 የተሠራ የአናቶሚ ትያትር አለው። ዊልያም ሃርቪ በ1602 ዶክተር ሆኖ የወጣው ከዚያ ነው፤ ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ እንደሚመለስ ያስረዳበትን መጽሐፍ ያሳተመው ደግሞ በ1628 ነው። ሃርቪ ለዚያ ትምህርት ከእንግሊዝ ድረስ መሄዱ በዘመኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። የሰሜን አውሮፓ የሕክምና ተማሪ አገሩ ላይ ጀምሮ ወደ ሞንፔሊዬ፣ ወደ ፓዶቫ፣ ኋላም ወደ ላይደን እየዞረ ከየመምህሩ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። የእኛ የቆሎ ተማሪ ለቅኔው አንድ ደብር፣ ለዜማው ሌላ ደብር እንደሚሄደው ማለት ነው። ቶማስ ባርቶሊን የሚባል የዴንማርክ አናቶሚስት በ1674 ስለ ሐኪም ጉዞ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ሁላችንም በማህፀን ክፍል የምናውቀው የባርቶሊን ዕጢ የተሰየመው በልጁ በካስፐር ስም ነው። እንግዲህ በደብተሬ ፊት በኩል ባርቶሊን፣ በኋላው በኩል ፓዶቫ ተጽፎ ነበር፤ ሁለቱ ምን እንደሚያገናኛቸው ግን ያኔ አላውቅም።

ከተማሪው ጉዞ ጎን ለጎን የባለጸጋው ልጅ ጉዞ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ልጆቻቸውን ሞግዚት መምህር ጨምረው ወደ ፓሪስ፣ ወደ ፍሎረንስና ወደ ሮም ይልኩ ነበር። መምህራኖቻችን ይህችን ልብ በሉልኝ፦ አዳም ስሚዝ በ1764 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ወንበሩን ለቆ የወጣቱ የባክሉ መስፍን አስጎብኚ መምህር ሆነ፤ ለዚህም በዓመት 300 ፓውንድ የዕድሜ ልክ ጡረታ ተቆረጠለት። ከዚያ በ1776 ባሳተመው በታላቁ መጽሐፉ ልጆችን በዚህ መልክ ወደ ውጭ መላክን አጥብቆ ነቀፈ። ብዙዎቹ ትንሽ ቋንቋ ለቃቅመውና ትዕቢት ጨምረው ይመለሳሉ ባይ ነው። ጡረታውን ግን አልመለሰም።

ይህን የመኳንንት ጉዞ ለተራው ሰው ያወረደው የእንፋሎት ባቡር ነው። ቶማስ ኩክ የተባለ መጠጥ ተቃዋሚ ሰባኪ በ1841 ወደ 500 ሰው በአንድ ሽልንግ ከሌስተር ወደ ላፍበራ በባቡር ወስዶ መለሰ፤ ንግዱ ከዚያ ተነሣ። ለእኛ የደረሰን የኩክ ቅርስ ግን ቀዩ መጽሐፍ ነው። ድርጅቱ ከ1873 ጀምሮ የአህጉሩን ባቡሮች የሰዓት ሠንጠረዥ ያሳትም ነበር። ከውጭ ትምህርት የተመለሱ አንድ መምህራችን ቢሯቸው ውስጥ አንድ ቅጂ ነበራቸው፤ "ጊዜው አልፎበታል፣ ውሰዱት" ብለው ሰጡን። ሦስት ዓመት ያለፈበት ነበር፤ ቢሆንም ዓምዶቹን ማንበብ የቫይታል ሳይን ቻርት እንደማንበብ ሆነልን። የትኛው ባቡር ሌሊት ተነሥቶ ጠዋት እንደሚደርስ ለይተን በቀይ አሰመርንበት፤ የሌሊት ባቡር ማለት የአንድ ሌሊት አልጋ ኪራይ ማትረፍ ነውና። ተቀምጦ መተኛት ደግሞ በዲውቲ ዘመን የሠለጠንበት ሙያ ነው። (ሠንጠረዡን ኩክ በ2013 ማሳተም አቆመ፤ የቀድሞ አዘጋጆቹ ከ2014 ጀምሮ በራሳቸው ቀጥለውበታል።)

የመኝታው ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ነው። ሪቻርድ ሺርማን አልቴና በምትባል የጀርመን ከተማ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹን ከክፍል እያወጣ በእግር ማስጓዝ ይወዳል። በነሐሴ 1909 ለብዙ ቀን ጉዞ ይዟቸው ሄዶ ሳለ ብርቱ ዝናብና ነጎድጓድ ያዛቸው፤ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተጠለሉ፤ ገበሬ ጭድ ሰጣቸውና እሱን አንጥፈው ተኙ። ልጆቹ ሲተኙ እሱ እንቅልፍ አጣ። ያን ሌሊት የመጣለት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ ባዶ ናቸው፤ የአንድ ቀን መንገድ እየተራራቁ ለወጣት መንገደኛ ማደሪያ ቢሆኑስ? በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ፤ በደራርብ የተሠሩት የእንጨት አልጋዎች ዛሬም ሙዚየም ሆነው ይታያሉ። በ1932 የየአገሩ ማኅበራት አምስተርዳም ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ። ብዙም ሳይቆይ ናዚዎች የጀርመኑን ማኅበር ወርሰው ሺርማንን ገፉት። ቤቱ ግን ከጦርነቱ ተረፈ። በዕድገት በኅብረት የዘመታችሁ ታላላቆቻችን በትምህርት ቤት ወለል ላይ ማደር ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። እኛም በደብተራችን ኮሎኝ ላይ እንደዚህ ያለ ማደሪያ መዝግበናል፤ ለአንድ ክፍል ስድስት አልጋ፣ ቁርስ ጭምር።

በዚህ ጉዳይ እኛ ከሺርማን በፊት ቀድመን ነበር ማለት ይቻላል። ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣልያኖች የሐበሾች እስጢፋኖስ ይሉታል። ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኩል እስከ ሮም የሚዘልቁ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማደሪያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት በዚያ ሲኖሩ ነው። መንገዱን ጨርሰው እዚያው ያረፉት መቃብራቸው ላይ የግዕዝ ጽሑፍ አለ።

ከአንድ ከተማ በላይ ለዞረ ኢትዮጵያዊ ምሁር ደግሞ አባ ጎርጎርዮስን የሚያህል ምሳሌ የለኝም። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ አገኛቸውና ወዳጅ ሆኑ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ ተጋብዘው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ጎታ ድረስ ሄዱ፤ በመስፍኑ ኤርንስት ግንብ ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሲጠየቁ መለሱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከእሳቸው በተማረው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸው አልገቡም። በ1658፣ ወደ አገራቸው ለመመለስ በባሕር ላይ ሳሉ፣ እስክንድሮን አካባቢ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ሮምን የጉዟችን መጨረሻ ያደረግነው በዚያ የአየር መንገዳችን በረራ ስለነበረ ብቻ ነው። ፍራንክፈርት ገብቶ ከሮም መመለስ የኋሊት የባቡር ወጪ ያስቀራል፤ ወደ ፍራንክፈርት አየር መንገዳችን ከ1958 ጀምሮ ይበራል። የአባ ጎርጎርዮስን ነገር ያኔ ባውቅ ኖሮ ለጎታ አንድ ቀን እጨምር ነበር፤ ከፍራንክፈርት ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ትኬቱ ልምጣ፤ አራታችን የተጣላነው በእሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች በዶላራቸው አውሮፓን ይዞሩ ጀመር። አርተር ፍሮመር የተባለ፣ ጀርመን ውስጥ በወታደርነት ያገለገለ ጠበቃ በ1957 አውሮፓን በቀን በአምስት ዶላር ማየት እንደሚቻል የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። በ1959 የ13 አገሮች ምድር ባቡሮች ተስማምተው ዩሬይል የሚባል ትኬት ሸጡ፦ አንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ በቀኑ ገደብ ውስጥ ያሻህን ያህል ትሳፈራለህ። የሚሸጠው ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ ላይም አንደኛ ማዕረግ ብቻ። ለአውሮፓ ልጆች ተራው የደረሰው በ1972 ነው። ዓለም አቀፉ የባቡር ማኅበር የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ኢንተርሬይል ወጣ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ፣ 21 አገሮች፣ አንድ ወር፣ በእንግሊዝ ገንዘብ 27 ፓውንድ ከ50። ለአንድ ዓመት ብቻ ታስቦ ነበር፤ ስለተወደደ ቀረ። የዕድሜው ገደብ በ1976 ወደ 23፣ በ1979 ወደ 26 ከፍ አለ፤ በ1998 ለሁሉም ተከፈተ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት 18 ዓመት ለሞላቸው ልጆቹ ትኬቱን በጥያቄ ውድድር በነጻ ያድላል፤ በመጀመሪያው ዙር 15,000 ያህል ልጆች ደርሷቸዋል።

እኛ ነዋሪዎች ስላልነበርን የእኛ ድርሻ ዩሬይል ነበር። ከ26 በታች ለሆነ ሰው ሁለተኛ ማዕረግ ይሸጣል፤ 26 ከሞላህ ግን አንደኛ ማዕረግ እንድትገዛ ትገደዳለህ። ሰባት ዓመት ሕክምና የተማረ ሰው ስንት ዓመቱ እንደሆነ እስቲ አስሉት። ሦስታችን ለጥቂት ተረፍን። አራተኛው፣ ገንዘብ ያዣችን፣ በጉዞው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ 26 ይሞላዋል። "እናንተ ሁለተኛ ማዕረግ ሆናችሁ እኔ ብቻዬን ከባለጸጎች ጋር ልቀመጥ?" ብሎ አኮረፈ። ልዩነቱን ለአራት እንካፈል ተባለ፤ ከዕቁባችን ላይ ሊከፈልለት ተወሰነ፤ ቀኑን ወደፊት እናምጣው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ምርቃቱ ስለማይደርስ ወደቀ። የወጣቱ ትኬት ራሱ ለ15 ቀን ከ300 ዶላር በላይ ነበር። የጀማሪ ሐኪም ደመወዝ በዚያ ጊዜ ስንት እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የማታስታውሱትም ባትሰሙት ይሻላል። ዕቁቡ ለአሥር ወር ተጥሏል፤ ከፊሉ ቤተሰብ የሰጠን ነው። ለንደንን የሰረዝናት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትኬታችን እዚያ አይሠራም፣ ቪዛዋም የብቻዋ ነው።

ቪዛ። እዚህ ላይ ታሪኩ ሁለት ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 1985 ቤልጂየም፣ ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድ ሸንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር አጠገብ፣ በሞዜል ወንዝ ላይ በቆመች መርከብ ተሰብስበው በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማንሣት ተፈራረሙ። ሥራ ላይ የዋለው በመጋቢት 1995 በሰባት አገሮች ነው። በ2002 የዩሮ ጥሬ ገንዘብ በ12 አገሮች ሲተካ፣ በየድንበሩ ገንዘብ ሲመነዝሩ መክሰርም ቀረ። እንደኛ ላለ መንገደኛ ይህ ትልቅ በረከት ነበር፤ በአንድ ቪዛ አራት አገር። ግን የውስጡ አጥር ሲፈርስ የውጩ ከፍ ማለቱ የግድ ነው፤ አንዴ የገባ ሰው የትም ሊደርስ ይችላልና በር ላይ ያለው ሰው ለሁሉም አገር ብሎ ይጠረጥርሃል።

በር ላይ ያለው ሰው የጠየቀን ሁሉ ነበረን። የደርሶ መልስ ትኬት ቦታ ተይዟል። 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና ተገዝቷል። የየከተማው ማደሪያ ተመዝግቧል። ቀዩን መጽሐፍ የሰጡን መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውልናል። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአሠሪ ደብዳቤ። ተመርቀን የመደባ ዕጣ ገና አላወጣንም። የምንሠራበትን ክልል እንኳ አናውቅም፣ ደመወዝም አልተጀመረልንም። ኋላ ሳስበው የገባኝ ይህ ነው፦ ከዩሬይልም ከኢንተርሬይልም ጀርባ ያለው ሐሳብ፣ ከትምህርት በኋላና ከሥራ በፊት ያለችው ባዶ ጊዜ የወጣት ምርጥ ጊዜ ናት የሚል ነው። ለቪዛ ሰጪው ደግሞ ያቺው ጊዜ ሰውዬው ከአገሩ ጋር የሚያስረው ገመድ የሌለባት ጊዜ ናት። ለአንዱ የዕድሜ ቅናሽ ያስገኘችው ጊዜ ለሌላው የጥርጣሬ ማስረጃ ሆነች። ያቺን ጊዜ ዘለን ሥራ ከጀመርን በኋላ እንዳንጠይቅ፣ ፈቃድ የሚሰጠን የለም፣ ሁለቱ ደግሞ 26 አልፏቸዋል።

አራታችንም በአንድ ቀን ተከለከልን። ወረቀቱ የመመለስ ፍላጎታችን አልተረጋገጠም ይላል። ከኤምባሲው በር እስከ ታክሲው ድረስ ማንም አልተናገረም። ታክሲ ውስጥ ገንዘብ ያዣችን "ይሁን፣ ቢያንስ አንደኛ ማዕረግ ከመቀመጥ ተረፍኩ" አለ፤ እስከ ፒያሳ ሳቅን። የቪዛው 35 ዩሮ አይመለስም፤ ዋስትናው በስንት ልመና ተመለሰ። የቀረውን ተካፈልን። ከዚያ ዕጣው ወጣ፤ ለእኔ መቱ ደረሰኝ፣ ሌሎቹ በሦስት አቅጣጫ ተበተኑ። በድርሻዬ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽና ስቴቶስኮፕ ገዛሁ። ስቴቶስኮፑ እስካሁን ይሠራል።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ሳልሸሸው ብመልሰው ይሻላል። ከአራታችን ሁለቱ ዛሬ አገር ውስጥ የሉም። አንዱ አሜሪካ፣ አንዷ ስዊድን ናቸው፤ የሄዱትም ከዚያ ብዙ ዓመት አገልግለው፣ በሙያቸው ተጠርተው ነው። ታዲያ ያ ቆንስል ትክክል ነበር? አሜሪካ ያለው፣ ያው ገንዘብ ያዣችን፣ ባለፈው በስልክ ይህንኑ አንሥተን "በ18ኛው ቀን እንመለስ ነበር" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ "አንቺ ትመለሺ ነበር" አለ። አልመለስኩለትም። እኔ የማዝነው አለመመለሱን በሚያህል፣ በ25 ዓመታችን ማንም እንዲያ ብሎ እርግጡን ሊጠይቀን አይገባም ነበር በሚለው ነው። ይህን ስል ግን እኔ ራሴ የክፍል ኃላፊ ሆኜ ለስንት ወጣት ሐኪም የፈቃድ ደብዳቤ ስፈርም "ይመለስ ይሆን?" ብያለሁ። ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አንዳንዱ አልተመለሰም።

ፓዶቫን በ2016 አየኋት። ጀርመን አገር ለሥልጠና ሄጄ፣ በመጨረሻው ላይ አራት ቀን ተርፎኝ ነበር። ከቬኒስ በአካባቢ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሦስቱም ትክክል ነበሩ፣ አጠገቧ ናት። ወደ ትያትሩ የሚገባው ከታች፣ አስከሬኑ ይዘጋጅበት ከነበረው በኩል ነው። ቀና ስትል ስድስት የእንጨት ደረጃ በሞላላ ክብ ከበላይህ ይቆማል፤ ተማሪዎቹ እዚያ ላይ ተደግፈው በሻማ ብርሃን ወደ ታች ያዩ ነበር። ጠባብ ነው፣ ካሰብኩት በጣም ያነሰ። አስጎብኚዋ ስትናገር እኔ ደረጃዎቹ ላይ ለአራት ሰው የሚሆን ቦታ እየፈለግኩ ነበር።

አሁን ደግሞ ኢንተርኖች ይመጡብኛል። ስልካቸው ላይ ከኛ ደብተር የተሻለ ዕቅድ ይዘው፤ ርካሽ አውሮፕላን፣ የጋራ ማደሪያ፣ የሌሊት አውቶቡስ። ቀዩ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። የሚከብዳቸው እኛን የከበደን ነው፤ ይልቁንም ብሷል። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በስደተኞች መመለስ ጉዳይ ከመንግሥታችን ጋር ባለመስማማቱ፣ ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ክፍያው ለአብዛኛው አገር ሰው 90 ዩሮ ሆኗል። ስለዚህ የምመክራቸው፦ ስድስት ወር ሲቀር ማመልከት ይቻላል፣ አትዘግዩ፤ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አትሞክሩት፣ የምደባ ደብዳቤያችሁን ያዙና ሥራ የምትጀምሩበትን ቀን አስጽፉ፤ ትኬቱን ቪዛው ሳይወጣ አትክፈሉ፣ ቦታ መያዝ ይበቃል። ባለፈው ዓመት አንዷ ደርሷት ሄዳ፣ 16 ቀን ቆይታ ተመለሰች። ከኮሎኝ የካቴድራሉን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ቆማ ያነሣችው ነው፣ ልክ በደብተሩ ላይ "ለትራንስፖርት 0 ዩሮ" ብለን እንደጻፍነው።

ደብተሩን ለስብሰባችን ቀን ይዤው እመጣለሁ። በመጨረሻው ገጽ የእኔ ያልሆነ የእጅ ጽሑፍ አለ፦ "ለፓስፖርት ፎቶ 24 ብር፣ ከደብተሩ ባለቤት የተበደርኩት፣ ሮም ላይ በአይስክሬም ይከፈላል።" ስዊድን ያለችው እንደምትመጣ ጽፋልኛለች፤ ጽሑፉ የማን እንደሆነ እንግዲህ ያኔ እንለያለን።